ሙሉእመቤት አባያን የተሻገረች ጊዜ

እትዬ ሙሉእመቤት በንጉሡ ዘመን ዲላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። የኡስማን ጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ የእግር መኪናዋን ተክላ ትውላለች። በኛ ሰፈር ለትምህርት ቤት የሚለበሰው ካኪ፣ ለመልስ የሚለበሰው ቀሚስ፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፏል። ጠይም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ዝምታዋ ከጠባይዋ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለምትውል ነው። የእነሱን ቤት ከኛ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነበር። ይህን የምተርከውን ነገር ያጫወተችኝ ግን እኔ ላገባ ስል ነው። ያን ጊዜ ከእሷ የሰማሁትን፣ ከባሏም የሰማሁትን አያይዤ ነው የምናገረው።

ሙሉእመቤት ውኃ ትፈራ ነበር። በእንስራ ያለውን አይደለም፤ መሬት ላይ የሚሄደውንና የሚተኛውን ነው። የተወለደችው ወናጎ አጠገብ ነው። ልጅ ሳለች፣ በክረምት፣ ከእናቷ ጋር ከገበያ ሲመለሱ አንዲት ጎረቤታቸው ቆጮ በጀርባዋ አዝላ የሞላ ወንዝ ልትሻገር ገባች። መሃል ስትደርስ ወደ እነሱ ዞር ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ድምፅዋን ውኃው ዋጠው። ወዲያው ሴትዮዋም የለችም። «ምን እንዳለችን እስከ ዛሬ አላወቅሁም» ትል ነበር ሙሉእመቤት። አድጋ፣ ዲላ መጥታ፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስፌት ተምራ ራሷን ከቻለች በኋላ እንኳ፣ ክረምት ሲገባ የለገዳራን ወንዝ ድልድይ የምታልፈው የሰው ክንድ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ያገባችው ጋሽ ታረቀኝን ነው። ታረቀኝ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር። ካኪውን ለብሶ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ቆላ ለቆላ ይዞራል፤ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ መድኃኒት ይረጫል፣ ትንኝ ያድናል። እንደ እሷ ዝምተኛ አልነበረም። ከመስክ ሲመለስ ያየውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ወሬው ደግሞ የሚጥም ነው። ሰው ሥራውን ጥሎ ይሰማዋል።

በተጋቡ በዓመቱ፣ አባያ ሐይቅ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ለሥራ ተልኮ ተመለሰ። የዚያን ዕለት እራት ሳይቀርብለት ጀመረ።

«ሙሌ፣ እንዲህ ያለ ቦታ አይተሽ አታውቂም» አላት። «ነፋሱ ብቻውን ያክማል። ትንኝ የለም። እኔ ነኝ የምልሽ፤ ሥራዬ ትንኝ መፈለግ አይደለም እንዴ? ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ከዓለት ሥር ፍል ውኃ ይፈልቃል፤ ያን የሚያምሽን ወገብሽን እዚያ ብትዘፈዝፊው እንደ ኮረዳ ትሆኛለሽ። ዓሣው ከውኃ እንደወጣ ነው የሚጠበሰው። ወፉስ! ማታ ማታ ትልልቅ ነጭ ወፎች ዛፍ ላይ ሲያርፉ ዛፉ ጥጥ ያፈራ ይመስላል። ትልልቆቹ ሰዎች ለእረፍት ላንጋኖ ይወርዳሉ፤ እኛ ከላንጋኖ የሚበልጥ እዚሁ ጓሯችን አለን።»

«በምንድን ነው የሚደረሰው?» አለች ሙሉእመቤት።

«በታንኳ።»

«ታንኳው ትልቅ ነው?»

«ሰው ይይዛል» አለና ወሬውን ወደ ዓሣው መለሰው።

ለሳምንታት በዚሁ ቀጠለ። ፈቃድ ሊወስድ ነው፤ ፈቃዱን ከእሷ ጋር ደሴቷ ላይ ሊያሳልፍ ነው። እሷ አንዴ ሥራ በዛብኝ ትላለች፣ አንዴ የእናቷን ጤና ታነሳለች። ኡስማን እንኳ ሰምቶ «ሂጂ እንጂ፣ እንዲህ የሚያስብ ባል ከየት ይገኛል?» አላት። ሙሉእመቤት ባሏን ትወደው ነበር። ስለ ደሴቷ ሲያወራ ፊቱ እንደ ልጅ ይበራል፤ እምቢ ብላ ያን ብርሃን ማጥፋት አቃታት። በ፶፯ ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ቡናው ተለቅሞ ሀገሩ ሲረጋጋ፣ «እሺ» አለችው። «እሺ እንዳልኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ» ብላኛለች።

እስከ ቆላው ድረስ በጭነት መኪና ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ ፊትን የሚጠብስ ሙቀት። ሐይቁ ሲታይ ሙሉእመቤት ቆመች። ታረቀኝ ስለ ሁሉ ነገር ሲነግራት ስለ ቀለሙ አልነገራትም። አባያ ቀይ ነው። የሸክላ አፈር የበጠበጡበት ይመስላል። እሷ በልቧ፣ ውኃው የጠራ ከሆነ ከሥር ያለውን እያየሁ እሄዳለሁ፣ እያዩ መሄድ ይሻላል ብላ ራሷን ስታጽናና ነበር የመጣችው። ከዚህ ውኃ ሥር ግን አንድ ክንድ እንኳ ጠልቆ የሚያይ ዓይን የለም።

ታንኳው ደግሞ ታንኳ አልነበረም። ቀላል እንጨቶች ጎን ለጎን ታስረው፣ ከፊት ጫፋቸው ወደ ላይ ታጥፎ፣ በቃ። ግድግዳ የለው፣ ጎን የለው። ሰው ሲቀመጥበት ውኃው በእንጨቶቹ መካከል እየወጣ ልብስ ያርሳል። ባለቤቱ ጉዬ የሚባል ሽበታም የደሴቷ ሰው ነው። ዲላ ገበያ የደረቀ ዓሣ ይዞ እየመጣ ትንሽ አማርኛ ለምዷል።

«አንቺ እዚህ ተቀመጥ» አላት ለሙሉእመቤት። «አትነሳ። እጅ ውኃ ውስጥ አታስገባ።»

«ለምን አባባ?»

«አዞ።»

ታረቀኝ ሳቀ። «አይዞሽ፣ ሰው ለማስፈራራት ነው። እኔ ሄጄ መጥቼ የለም?»

ሙሉእመቤት ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደ ድልድዩ። ነገር ግን ስትጨፍን ከሥሯ ያለውን ውኃ ይበልጥ አወቀችው፤ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ እንደሚተነፍስ ነገር። መሃል ላይ ጉዬ መቅዘፉን በድንገት አቆመ። ዓይኗን ገለጠች። ሽማግሌው መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያዳምጣል። ከፊታቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ስሟን እየጠራ አንድ ነገር ሊላት የፈለገውን ታረቀኝን እንኳ ጉዬ በእጁ ዝም አሰኘው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሽማግሌው ታንኳውን ዞር አድርጎ በሌላ በኩል ቀዘፈ። «ጉማሬ» አለ።

ደሴቷ ቆንጆ ነበረች። ይህን ሙሉእመቤት ራሷ አልካደችም። ባሏ ያላት ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ነፋሱ፣ ፍል ውኃው፣ ዓሣው። ያረፉት ሙሉካ ከምትባል ባልቴት ቤት ነው። የሙሉካ ልጆች ሸማኔዎች ነበሩ። አማርኛ አትችልም፤ ሆኖም የሙሉእመቤትን ቀሚስ ጠርዝ ገልብጣ ስፌቱን ስታይ፣ ሙሉእመቤትም የእነሱን ጋቢ ጥለት በጣቷ ስትከተል፣ ሁለቱ ሴቶች ተግባቡ። ሙሉእመቤት ፍል ውኃው ዳር ዓለት ላይ ተቀምጣ ወገቧን ታሞቃለች፤ ሕመሙም ለቀቃት። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። በየቀኑ ወደ ምሥራቅ ታያለች። ጠዋት ጠዋት የሀገሯ ተራሮች ይታያሉ፤ ፀሐይ ስትበረታ ጉም መሰል ነገር ይሸፍናቸዋል። ያን ጊዜ ዙሪያው ሁሉ ቀይ ውኃ ብቻ ይሆናል። «የሚሄድ ነገር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር» ትላለች። «ደሴቷ ሌሊት ሌሊት ትንሽ ትንሽ እየራቀች የምትሄድ።»

ከደሴቷ ማዶ፣ ሩቅ ያልሆነ፣ አንድ ብቻውን የቆመ ዓለት ነበር። ነጮቹ ወፎች ቀን ቀን የሚውሉት እሱ ላይ ነው። ታረቀኝ ዓለቱን ከቅርብ ማየት ፈለገ፤ ከሥሩ ጉማሬዎች ይተኛሉ ሲባል ሰምቶ ጭራሽ ባሰበት። ጉዬ እምቢ አለ። «ከሰዓት ነፋስ ይመጣል። ጉማሬ ልጅ አለው። አይሆንም።» ታረቀኝ እሺ ያለ መሰለ። በማግሥቱ ጠዋት ግን፣ ጉዬ መረቡን ሊያይ ወደ ደሴቷ ጀርባ ሲሄድ፣ የሽማግሌውን ሌላ ትንሽ ታንኳ አወጣ።

«ታሬ፣ ተው» አለችው።

«ምሳ ሳይደርስ እመለሳለሁ። ዲላ ስመለስ ሰው ምን አየህ ሲለኝ ምን ልበል?»

«በእግዚአብሔር ስም፣ ተው!»

ጉንጯን ነክቶ ሄደ። አቀዛዘፉ ያስቅ ነበር፤ ታንኳው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከደሴቷ ጥግ ሲታጠፍ ከዓይኗ ጠፋ።

ምሳ ደረሰ፤ አልመጣም። ሙሉካ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበች፤ ሙሉእመቤት አልነካችውም። ውኃው ዳር ሄዳ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ መጣ። በመጀመሪያ ሣሩ ብቻ ተኛ፤ ከዚያ ሐይቁ ተሸበሸበ፤ ከዚያ ማዕበሉ ጫፉ ነጭ እየሆነ ዳርቻውን ይገርፍ ጀመር። እየጮኸች ስሙን ጠራች። ድምፅዋ ወደ ራሷ ተመለሰ። ያኔ ያቺ ጎረቤታቸው ትዝ አለቻት፤ አፏ ሲከፈት፣ ድምፅዋ ሳይሰማ። አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ አፈሩን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ አንድ የሚያዝ ነገር ለማግኘት። ሙሉካ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ አጠበቀችላት።

ጉዬ ሲመለስ ነገሩን ከሙሉካ ሰማ። በሀገሩ ቋንቋ የተናገረው ነገር እርግማን ይሁን ጸሎት ሙሉእመቤት አላወቀችም።

«ነፋሱ የት እንዳደረሰው እንዴት ይታወቃል?» አለ። «ሐይቁ ትልቅ ነው።»

ሙሉእመቤት ብድግ ብላ ወደ ጥጉ ሮጠች። ዓለቱን አየችው። ቀን ሁሉ ነጭ ሆኖ የምታውቀው ዓለት ዛሬ ጥቁር ነው። ወፎቹ በላዩ ይዞራሉ፣ አያርፉም።

«አባባ፣ ወፎቹ!» አለች። «እዚያ ነው! እዚያ ነው ያለው!»

ሽማግሌው አየና እውነትሽን ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ነፋሱን አየ። «ብቻዬን አልችልም። ሁለት መቅዘፊያ ያስፈልጋል። ወንዶች ሁሉ ገበያ ተሻግረዋል።»

ሙሉእመቤት ወደ ሙሉካ አየች፤ አርጅታለች። ሌላ የሚቀዝፍ ሰው አልነበረም። «ያኔ ደፈርሽ ወይ ብትይኝ አልደፈርኩም» ብላኛለች። «ስወጣ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ነገር ግን እዚያ ቆሜ መጠበቅ ከታንኳው ይልቅ አስፈራኝ።» መቅዘፊያውን ከጉዬ እጅ ተቀበለች።

ዓይኗን መጨፈን አልቻለችም፤ የምትቀዝፍ ሰው ናት። የጉዬን ጀርባ ብቻ አየች። እሱ ሲያጎነብስ ታጎነብሳለች፣ እሱ ሲስብ ትስባለች። ማዕበሉ ታንኳውን አንስቶ ሲጥለው ውኃው እስከ ጭኗ ይደርሳል። ጣቷ መቅዘፊያውን ተከትሎ ውኃውን በነካ ቁጥር «አታስገባ!» የሚለው የሽማግሌው ድምፅ ይሰማታል፤ እሱ ግን አልተናገረም ነበር።

ዓለቱ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ያየችው የተበታተነ እንጨት ነው፤ የታንኳው። ቀጥላ ባሏን አየች። ዓለቱ አናት ላይ ጉልበቱን አቅፎ ቁጢጥ ብሏል። አልጮኸም፣ እጁን አላውለበለበም። ከሥሩ፣ ግማሽ አካላቸው ከውኃ ወጥቶ፣ ሁለት አዞዎች ተኝተዋል። አንደኛው አፉን ከፍቶ ነበር፤ እንዲሁ፣ ሥራ እንደፈታ።

«ታረቀኝ! ውረድ!» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ።

ጉዬ በመቅዘፊያው ውኃውን እየመታ ጮኸ። አዞዎቹ ያለ ድምፅ ተንሸራተው ውኃው ውስጥ ገቡ። ሙሉእመቤት ከዚያ ቀን ሁሉ የባሰው ይህ ነው ትላለች። ዓለቱ ላይ ሳሉ የት እንዳሉ ይታወቅ ነበር። አሁን ቀዩ ውኃ ከደናቸው።

«ቶሎ!» አለ ጉዬ። «አሁን! ቶሎ!»

ታረቀኝ አልተነቃነቀም። ያኔ ሙሉእመቤት፣ አትነሳ የተባለችው ሴት፣ ተነሳች። ታንኳው አጋደለ። መቅዘፊያዋን ወደ ዓለቱ ዘረጋችና፣ በልጅነቷም በትዳሯም አውጥታው በማታውቀው ድምፅ፣ «እኔ መጥቼ የለም እንዴ? ና ብዬሃለሁ!» አለችው። በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። መቅዘፊያውን ያዘ፤ ሳበችው። ሁለቱም ታንኳው ላይ ወደቁ። ከጎናቸው አንድ ነገር ውኃውን ገመሰው። ጉዬ «አትዩ፣ ቅዘፉ» ብቻ አለ። አላዩም። ቀዘፉ።

ደሴቷ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በዚያ ሙቀት ታረቀኝ ጋቢ ጠይቆ ተከናነበ። ጉማሬዋ ከሥር ተነስታ ታንኳውን ወደ ላይ እንደወረወረችው፣ ዓለቱን እንዴት እንደያዘ እንደማያውቅ፣ ይህን ብቻ ተናገረ። በማግሥቱ ነፋስ ሳይነሳ ወደ ሀገራቸው ሲሻገሩ፣ መጀመሪያ ታንኳው ላይ የወጣችው እሷ ናት። እሱ ዳርቻው ላይ ብዙ ቆመ። እጇን ሰጠችው፤ ማዶ እስኪደርሱ አልለቀቀውም።

ዲላ ሲገቡ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሰው «እንዴት ነበር?» ሲለው ታረቀኝ ስለ ነፋሱ ጀመረ። ስለ ፍል ውኃው ቀጠለ። ዓሣው፣ ወፉ፣ የሸማኔዎቹ ጋቢ። በየዓመቱ ወሬው እያማረ ሄደ። መምህራኑ፣ የቡና ነጋዴዎቹ፣ የቢሮ ሰዎች ሁሉ «አንድ ቀን እንሄዳለን» ይሉ ጀመር። ስለ ዓለቱ አንድም ቃል ከአፉ አልወጣም። ሙሉእመቤት ስፒሏን በከንፈሯ ይዛ ትሰማለች። ባሏን በሰው ፊት ማዋረድ አልቻለችም። ነገር ግን አንድ ሰው ደሴቷ ልሄድ ነው ባለ ቁጥር ልታስቀረው ትፈልጋለች። ያላት መሣሪያ መርፌዋ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የሚሄዱትን ሰዎች ልብስ ታዘገይ ነበር። እጅጌው ተበላሸ ትላለች፣ መኪናው ተሰበረ ትላለች። ጥር አልፎ ዝናቡ እስኪመጣ። ስንቶች በዚህ እንደቀሩ እግዚአብሔር ይወቅ።

እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ፷፫ ዓ.ም. ላገባ ስል፣ እጮኛዬ ጓንጉል መምህር ነበርና ከጋሽ ታረቀኝ ሰምቶ ከሠርጉ በኋላ ደሴቷ ሄደን እንድናርፍ ቆረጠ። የመንገድ ቀሚሴን ለእትዬ ሙሉ ሰጠሁ። ሄድኩ፣ አልደረሰም። ደግሜ ሄድኩ፣ አልደረሰም። ሦስተኛ ስሄድ ተናደድኩ።

«እትዬ ሙሉ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ሳምንት የማይፈጅ ልብስ!»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች። «አትጠገብ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ቀዩ ውኃ፣ ስለ ዓለቱ። ገና ሳትጨርስ ጋሽ ታረቀኝ ከሥራ ተመልሶ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆሞ እንደነበረ አየን። ምን ያህሉን እንደሰማ አላወቅንም። ሙሉእመቤት በድንጋጤ አፏን ያዘች።

እሱ መርጫውን አውርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወደ እኛ ሳያይ፣ «ሦስት ነበሩ» አለ።

«ምኑ?» አለች።

«አዞዎቹ። አንዱን አላየሽውም፤ ከኋላዬ ዓለቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ውረድ ስትይኝ ያልተነሳሁት ለዚህ ነው። ከተንቀሳቀስኩ የሚይዘኝ መሰለኝ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሹን እሰማው ነበር።» ቀጥሎም፣ «ስለ ነፋሱና ስለ ፍል ውኃው ሳወራ ያ ትንፋሽ የሚጠፋልኝ ይመስለኛል፤ ዝም ስል ይመጣል» አለ።

ሙሉእመቤት ተነስታ ከጎኑ ተቀመጠች። እኔ ቀሚሴን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እኔና ጓንጉል ደሴቷ ሳንሄድ ቀረን፤ ሐዋሳ ያለች አክስቱ ቤት ከረምን። ጋሽ ታረቀኝን ግን በተከታዩ ዓመት አለቃው ወደዚያችው ደሴት ለሥራ አዘዘው። ያኔ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት «ውኃ እፈራለሁ፣ አልሄድም» አለ። ባልደረቦቹ ሳቁበት፤ ለብዙ ጊዜም መሳለቂያ ሆነ። እሱ ግን ቃሉን አልለወጠም። በመጨረሻ ከረጪነት አንስተው ጨለለቅቱ ከተማ የአንድ መድኃኒት ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረጉት። ሙሉእመቤት የስፌት መኪናዋን በቡና ጭነት ላይ አስጭና ተከተለችው። ኡስማን የሚሰፋለት አጥቶ ብዙ ጊዜ በረንዳው ባዶ ቆየ።

ከዓመታት በኋላ ጨለለቅቱ ገበያ አገኘኋት። ወፍራለች፤ ልጅ አዝላለች። ታረቀኝ አሁን የሚያወራው ስለ ግምጃ ቤቱ አይጦች ነው አለችኝና ሳቀች። ስሰናበታት፣ «ሌሊት ሌሊት አሁንም ይነሳል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጁን እይዘዋለሁ። እስኪነጋ እይዘዋለሁ።»